አንጎል ራሱ የሚሠራው

ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሔራን፣ ሴጌድ፣ ሃንጋሪ፤

እኔ ሩሐማ እሱባለው፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት፣ አእምሮዬ ጤነኛ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሰማይና በምድር ፊት የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ለእትዬ አልማዝ ብለሽ ከላክሽው ቸኮላት አራቱን በልቻለሁ። የላክሽው በጾም ነው፤ ቸኮላቱ ደግሞ ወተት አለው። ስለዚህ በአንድ ጉርሻ ሁለት ኃጢአት ሠርቻለሁ፤ በአራት ጉርሻ ስንት እንደሚመጣ አንቺ የተማርሽው አስሊው። እትዬ አልማዝ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው የከተማውን ኃጢአት ሁሉ ቁልቁል የሚያዩት፣ የተረፈውን እስከ ገና ቆልፈውበታል። ሲከፍቱት “ፈረንጅም ያጎድላል ለካ” ይሉ ይሆናል። ተስፋዬ እሱ ነው።

አባዬ ደብዳቤ በወረቀት ካልተጻፈ ደብዳቤ አይደለም ባይ ነው። ስለዚህ እሱ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። ከዚያ ጋሽ ቲጃኒ ፎቶ ኮፒ ቤት እወስደዋለሁ፤ ልጃቸው ፋሂም ስካን አድርጎ በኢሜይል ይልክልሻል፣ ያንቺንም መልስ አትሞ ያመጣልኛል። ፋሂም የክፍሌ ልጅ ነው። “ወላሂ አንድ ቃል አላነበብኩም” ይላል፤ ቀጥሎ “ግን ሦስተኛው መስመር ላይ አንድ ፊደል ገድፈሻል” ይላል። ስልክማ እንደምታውቂው እኛ ቤት ድምፅ ማጉያው ተከፍቶ ነው የሚወራው። ሰላምታው ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል።

ይኸው የአባዬ ቃል፦

“ለውድ ልጃችን ለሔራን። ባለሽበት የአምላክ ጥላ ይጋርድሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይግባሽ። እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን፣ ስሙ ይመስገን። የላክሽልኝ መድኃኒት በሰላም ደርሷል። ልክ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው። ከረቡዕ ጀምሮ እሱን ብቻ እየወሰድኩ ነው። ወደፊት መንገደኛ ስታገኚ ሁለት ብልቃጥ ብታደርጊልኝ። ቡናው ዘንድሮ ጥሩ ነው። አጎትሽ እሱባለው።”

ቡናውን በተመለከተ እመኚው። ሃያ ሁለት ዓመት ለመጋዘን ሲቀምስ የኖረ ምላስ ነው። በአንድ ማንኪያ ቡናው ከሊሙ ይሁን ከጌራ፣ ታጥቦ ይሁን በፀሐይ ደርቆ ይነግርሻል። የእማዬ ሽሮ ጨው መብዛቱን ግን እስከ ዛሬ ለይቶ አያውቅም።

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው፤ አባዬ አላየውም። ብልቃጡን ከቸኮላቱ ሥር ያገኘሁት እኔ ነኝ። ላዩ ላይ “ጋባ” ይላል። ፋሂም “ገበያ ነው እንዴ የላከችለት?” አለ፣ በኦሮምኛው መሆኑ ነው። አባዬ ሲያየው ግን ፊቱ በራ። “ይኸው ንጹሑ መጣ” ብሎ የድሮውን ከኪሱ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። “የድሮው ምንድን ነው?” ስለው በአፌ ለማንም፣ በተለይ ለእማዬ፣ እንዳልናገር በማርያም አስማለኝ። እጄን አላስማለውም።

ስለዚህ እጄ ይጠይቅሻል፦ ይህ ነገር ምንድን ነው?

ጾም የሻረችው ዘመድሽ
ሩሐማ


ሴጌድ
ታኅሣሥ 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሩሐማ፤

ውሎሽ የቀና፣ ቤታችሁ ሳቅ የማይጎድልበት ይሁን። ጋሼን፣ እናትሽን እትዬ ቆንጂትን፣ እትዬ አልማዝን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። እዚህ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጭጋግ ነው፤ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ስወጣ የመንገዱ ማዶ አይታየኝም።

ኑዛዜሽን ተቀብያለሁ። ንስሐሽ ለገና ስልክ ስደውል እትዬ አልማዝ ስለ ቸኮላቱ ሲያወሩ ሳትስቂ ከጎናቸው መቀመጥ ነው።

ስለ ብልቃጡ አትስጊ። ጋባ አንጎላችን ራሱ የሚሠራው ነገር ነው። የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ሲነሣሡ “በቃ፣ ረጋ በሉ” የሚል መልእክተኛ በይው። እዚህ በእንክብል ተደርጎ እንደ ምግብ ማሟያ፣ ያለ ሐኪም ወረቀት ይሸጣል። ጋሼ የሚያረጋጋ ነገር ሲጠይቁኝ ይህን መረጥኩ፤ የማይጎዳ ስለሆነ ነው።

“የድሮው” ያልሽው ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ቫይታሚን ይሆናል።

ጋሼ ይተኛሉ? እጃቸውስ? ሲመችሽ ጻፊልኝ። ሥራ ስለበዛብኝ አሳጠርኩት።

ሔራን


ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእትዬ ሔራን፤

ሰላምታዬ እስከ ሴጌድ ካልበቃ መንገድ ላይ እየተቀጣጠለ ይድረስሽ። ዛሬ ቀልድ አልያዝኩም፤ ቢያመልጠኝ ይቅር በይኝ።

“እጃቸውስ?” ብለሽ ጠይቀሻል። ስለ እጁ ማን ነገረሽ? እኔ አልጻፍኩም። አባዬም አላለም። ያን ጊዜ እጁ ደህና ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ግን ደህና አይደለም።

ዛሬ ምሳውን መጋዘን ወስጄለት ነበር። ሲኒዎቹ በረድፍ ተደርድረዋል። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፦ በማንኪያ ይቀዳል፣ ፉት ብሎ በኃይል ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ይተፋል። ሕፃን ሳለሁ ይህንኑ ሰው ቤት በሾርባ ሞክሬው እማዬ ቆንጥጣኛለች። ዛሬ ማንኪያው ሲኒው ጋ ሲደርስ መደወል ጀመረ። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። ሰው ሁሉ ዞር አለ። ናሙና የሚቆላው ዋቅጋሪ “ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ ትንሽ ይረፉ” አለው።

“ብርድ ነው” አለ አባዬ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ዋቅጋሪ በካናቴራ ሆኖ ላቡ ይንጠባጠባል። “ቶሌ ጋሼ፣ እሺ፣ ብርድ ነው” አለ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ማንም አልሳቀም። እኔም አልሳቅኩም። የነገሩን ክብደት ከዚህ ልትለኪው ትችያለሽ።

ቤት ውስጥ ሁሉም በሽታ አውጥቶለታል። እትዬ አልማዝ “ምች ነው” ብለው ዳማከሴ ጨምቀው በአፍንጫው አስገቡለት። አባዬ ሃያ ጊዜ አነጠሰ፤ እሳቸው በየመሐሉ “ይማርህ! ይኸው እየወጣ ነው!” ይላሉ። የወጣው ንፍጥ ብቻ ነው። እማዬ “ስኳር ነው” ብላ አስመረመረችው፤ ስኳሩ ከእኔ ይሻላል። ጎረቤት “ጾሙ ነው” አለ። ቤታችን ሁሉም ሐኪም ነው፤ የጎደለው ሐኪም ብቻ ነው።

ስለዚህ የማልኮራበትን ነገር ሠራሁ። መሳቢያውን ከፈትኩ። ባዶ የክኒን ስትሪፕ ቆጥሬ ደከመኝ። አንዱ ላይ አራት ፍሬ ቀርቷል። ስሙን ገልብጬልሻለሁ፦ ዳያዜፓም፣ አሥር ሚሊግራም።

ይዤው ሄጄ ጠየቅኩት። አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። “ዮኤል የሞተ ሰሞን ነው” አለኝ። አጎቴ ዮኤል ሰኮሩ ላይ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነ፤ አንቺም ለዕረፍት መጥተሽ ለቅሶው ላይ ነበርሽ። “ስድስት ቀን አልተኛሁም። ሔራን ድንኳኑ ኋላ ጠርታ አምስት ፍሬ ሰጠችኝ። ‘ጋሼ፣ አይፍሩ፣ አንጎል ራሱ የሚሠራው ዓይነት ነው’ አለችኝ። ተኛሁ። እሱ ሲያልቅ ከዚህ መግዛት ጀመርኩ። በፊት አንድ ነበር፣ ኋላ ሁለት ሆነ።”

“ለምን ተውከው ታዲያ?”

“ሱቁ ያለ ሐኪም ወረቀት አልሸጥም አለኝ። ለሔራን ብነግራት ዋናውን ላከችልኝ። ንጹሑ ካለ ቅይጡን ምን አደርገዋለሁ?” ቡና ነው የመሰለው፣ እትዬ ሔራን። ሁለቱን አንድ ዓይነት፣ ደረጃቸው ብቻ የተለያየ አድርጎ ነው የያዘው።

ለእማዬ እንንገራት አልኩት። “ቀማሹ እንክብል ይውጣል ከተባለ ምላሴን ማን ያምነዋል?” አለኝ።

አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ሁለቱም አንጎል ራሱ የሚሠራው ከሆኑ አባዬ ለምን ይንቀጠቀጣል? በሚቀጥለው መንገደኛ ምንም አትላኪ። መልስ ላኪልኝ።

ሩሐማ


ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ታኅሣሥ 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ ሔራን፤

አራት ቀን ሆነ። ፋሂም ኢሜይሉን በየሰዓቱ ይከፍተዋል። “ዛሬ ኢንሻአላህ ይመጣል” ሲለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን “ኢንሻአላህ” ብቻ ብሎ ወደ ፎቶ ኮፒው ዞረ። ስለ ፊደል ግድፈቴም ምንም አላለኝም። አዝኖልኛል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስጠላል።

አባዬ አልጋ ላይ ይወጣል እንጂ አይተኛም። በር ሲዘጋ ይዘላል። ላብ ያጠምቀዋል። ትናንት ሲኒ ውስጥ ጉንዳን አለ ብሎ አምስት ጊዜ አጠበው። ነጭ ሲኒ ነው፣ እትዬ ሔራን፤ ጉንዳን ቢኖር አየው ነበር። አልነበረም። ያንቺን እንክብል ከሁለት ወደ ስድስት አድርሶታል። “ትንሽ ስለሆነ ነው ያልያዘኝ” ይላል። ሊያልቅበት ነው።

እትዬ አልማዝ ለገብርኤል ጥላ ተስለዋል። ቀድሞ ቢሆን “ጥላው ለአባዬ ነው ወይስ ለገብርኤል፣ ዝናብ የለ” ብዬ አስቆጣቸው ነበር። አሁን እኔም በልቤ አንድ ነገር ተስያለሁ፤ ምን እንደሆነ አልነግርሽም፣ ታፌዢብኛለሽ።

ቅዳሜ በሞተር ሳይክሉ አጋሮ ይሄዳል። አንድ ትልቅ ገዢ የሚጠብቀው ናሙና አለ፤ ካልቀመስኩት ሌላ ቀማሽ ይዘው ይቀራሉ ብሏል። የሚንቀጠቀጥ እጅ መሪ ይዞ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ! ቡና የጫኑ መኪኖች እንዴት እንደሚወርዱ ታውቂያለሽ።

ምነው ዝም አልሽ? የተማርሽው ይህንኑ አይደለም እንዴ? ጥፋት አለብሽ ወይም የለብሽም ብዬ አልጠየቅኩሽም። አባዬ ምን ሆኖ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ይኸው ነው ጥያቄዬ። ሌላው ሁሉ ይቆየን። ስድቤን በሌላ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ።

ሩሐማ


ሴጌድ
ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሩሑዬ፤

ፈጣሪ ይህን ወረቀት ከቅዳሜ በፊት ያድርስልኝ። ሌላ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

መጀመሪያ ማድረግ ያለብሽን ስሚ። ጋሼ ዛሬውኑ ሐኪም ፊት መቅረብ አለባቸው። ለእናትሽ ንገሪያት። ስትሪፑንም ብልቃጡንም ይዛችሁ ሂዱና፣ ስትሪፑን አሳይታችሁ “ይህን ሁለት ዓመት ወስዶ ታኅሣሥ አንድ ቀን በአንድ ጊዜ አቆመ” በሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አትሸራርፏት። ሞተር ሳይክሉን እንዳይነኩ። የቀሩትን አራት ፍሬዎች በራሳችሁ ግምት አትስጧቸው፤ ልኩን ሐኪሙ ያውቀዋል። መድኃኒቱን ይመልስላቸውና በወራት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ያወርድላቸዋል። በአንድ ጊዜ የተቋረጠ እንደ ሆነ መንቀጥቀጡ ብቻ አይደለም የሚፈራው፤ ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፣ ያንፈራግጠዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ላስፈራራሽ አይደለም። ቀን ስለሌለን ነው።

አሁን ጥያቄሽ። ለአምስት ዓመት የተማርኩትን በሚገባሽ ቋንቋ ሳስብ አደርኩ። አንጎልን እንደ ትምህርት ቤት ግቢ ቁጠሪው። ራሱ የሚሠራው ጋባ ጥሩ አስተማሪ ነው። የሚንጫጨውን አንድ ተማሪ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ዝም ያሰኘዋል፤ ዞር ይላል። በሚያስፈልግበት ቦታ፣ በሚያስፈልግ ልክ፣ ለቅጽበት።

ዳያዜፓም ጋባ አይደለም፤ አስተማሪውን አይተካም። አስተማሪው አፍ ላይ የሚሰካ ድምፅ ማጉያ ነው። ሹክሹክታው በመላው ግቢ ይጮኻል፤ የሚንጫጨውም የሚያጠናውም እኩል ጸጥ ይላል። ለጥቂት ቀን ሐኪም ሲያዘው ይጠቅማል። ድምፅ ማጉያው ወር ከወር፣ ዓመት ከዓመት ሲጮህ ግን ተማሪዎቹ ጆሯቸውን መድፈን ይለምዳሉ። ያኔ አንድ ፍሬ የነበረው ሁለት ይሆናል። ድምፅ ማጉያው አንድ ቀን ድንገት ሲነቀል ደግሞ ጆሮ ሁሉ እንደ ተደፈነ ነው፤ አስተማሪው ሹክ ቢል ማን ይሰማዋል? ግቢው ይፈነዳል። የአባትሽ እጅ፣ ላቡ፣ ጉንዳኑ ይኸው ነው።

እኔ የላክሁት እንክብልስ? እሱ በር ላይ የቀረ አስተማሪ ነው። በደምና በአንጎል መካከል ዘበኛ አለ፣ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም። በአፍ የተዋጠ ጋባን አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ ጥቂት ያልፋል የሚሉ አሉ፣ በደንብ የተረጋገጠ ነገር የለም። ዳያዜፓም ግን ያንን በር ሰተት ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ጋሼ ስድስትም ስልሳም ቢውጡ የተነቀለውን አይተካላቸውም። “የማይጎዳ ነው” ብዬሽ ነበር። እንክብሉ አልጎዳቸውም። የጎዳቸው እሱን አምነው ሌላውን መጣላቸው ነው።

ድንኳኑ ኋላ ያልኳቸው ቃል የእኔ ነው፤ አልክድም። ያዘኑ ሰው ነበሩ፣ እንዳይፈሩ ብዬ አሳጠርኩት። የሰጠኋቸው ከራሴ ቦርሳ ነው። ለምን ቦርሳዬ ውስጥ እንደ ነበረ ማንም አልጠየቀኝም። እዚህ በሁለተኛው ዓመቴ ፈተና ላይ የጀመርኩት ነበር፤ ለመተው በሐኪም እጅ አራት ወር ፈጅቶብኛል። እጄ እንዴት እንደ ነበር አውቃለሁ። “እጃቸውስ?” ያልኩሽም ለዚህ ነው። “የድሮው” ያልሽውን ገና ሳነበው አውቄዋለሁ፣ ሩሑዬ። “ቫይታሚን ይሆናል” ብዬ የጻፍኩት እንዲሆንልኝ ስለፈለግሁ ነው።

ጋሼ በጥቅምት “ያንን መድኃኒት ላኪልኝ” ሲሉኝ “አልልክም፣ ሐኪም ይዩ” ማለት ነበረብኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ አባቴ ሲሞት የትምህርት ቤት ልብሴን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ማለት አፍሬ የማይጎዳ ነገር ልኬ ያለፍኩ መሰለኝ። እሳቸውም ሁለት ዓመት እንደወሰዱ ሊነግሩኝ አፈሩ። ይኸው ተፋፍረን እዚህ ደረስን።

ስድስቱን ቀን ሥራ አልያዘኝም። ትናንት ደውዬ ነበር፤ ጋሼ “ደህና ነኝ ልጄ፣ ምንም አልሆንኩም” አሉኝ። ድምፅ ማጉያው ተከፍቷል፣ እትዬ አልማዝ ከጎን ስለ ጤናዬ ይጠይቁኛል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔም “እግዚአብሔር ይመስገን” ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እናትሽን ለብቻዋ ብሞክር ስልኳ ዝግ ነው፤ ክፍል ገብታ እያስተማረች ይሆናል። እሞክራለሁ፣ አንቺ ግን እኔን አትጠብቂ።

ቢቆጡሽ በእኔ አሳቢ። ይህን ወረቀት ለፈለግሽው ሰው አሳዪ፣ ለእሳቸውም ቢሆን።

ሔራን


ጅማ፣ መንደራ ቆጪ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት

እትዬ ሔራን፤

ደርሷል። ፋሂም ሱቁን ሳይከፍት አትሞት፣ በሸበጥ ሮጦ አመጣልኝ። አጥሩ ላይ ሰጥቶኝ “አንብቤዋለሁ” አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን ተናገረ። “ሂጂ ግቢ፣ አላህ ይርዳሽ” ብሎኝ ሄደ።

መጀመሪያ ያደረግሁት የሞተሩን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አንሥቼ ሽሮ ዕቃ ውስጥ መክተት ነው። ቁልፉ እጁ ላይ ካለ ገና እማዬ ጋ ሳልደርስ አጋሮ መንገድ ላይ ነዋ። ከዚያ ወደ ጓሮ ልወጣ ስል እሱ ከመኝታ ቤት ወጣ። እማዬ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነው፤ ዘፈኗ ይሰማኛል። እሱ በእኔና በጓሮው በር መካከል ቆሞ ቁልፉን ይፈልጋል። ጃኬቱን ለብሷል። የራስ ቁሩን በብብቱ ይዟል።

“ሩሑ፣ ቁልፌን አይተሻል?”

“ምላስህ እንጂ ዐይንህ አይሠራም እንዴ?” አልኩት። እይልኝ እንግዲህ። ልለው የነበረው ይህ አይደለም። እሱ ፊት ስሆን አፌ የሚያውቀው ማሾፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብዬ ላንቺ መጻፍ ያዝኩ። ብልቃጡን አውጥቼ አስቀመጥኩ። አጠገቡ አራት ፍሬ ያለውን ስትሪፕ። አጠገቡ ያንቺን ደብዳቤ፣ ፊቱ ወደ ላይ። አላየኝም። የኮት ኪሶች እየፈተሸ ነው። አንዱን ኪስ ሦስት ጊዜ ፈተሸው። እጁ ኪሱ ውስጥ ሲገባ ጃኬቱ በሙሉ ይርገበገባል።

አሁን መሳቢያውን ከፈተ። ቆመ። ስትሪፑ እንደሌለ አየ።

አሁን ዞረ። ጠረጴዛውን አየ።

እየመጣ ነው፣ እትዬ ሔራን። አልተነሣሁም። ብነሣ የምለው እናንተ ትልልቆቹ የምትሉትን ነው፣ ምንም የለም፣ ደህና ነው። ከኋላዬ ቆሟል። የራስ ቁሩን መሬት አስቀመጠው። ወንበሬን በአንድ እጁ ያዘ፤ ወንበሩ ከእኔ ጋር ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሌ ቢበላሽ ለዚህ ነው። በሌላኛው እጁ ያንቺን ወረቀት አነሣው። ወረቀቱ ስለተንገጫገጨበት መልሶ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጎንበስ ብሎ ያነባል። ትንፋሹ ፀጉሬ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ እኔ የምጽፈውን ማንበብ ጀመረ። ስለዚህ ካሁን በኋላ ላንቺ አይደለም።

አባዬ፣ አንተ ንጹሕ ነው ያልከው በር ላይ የቀረ ነው። ሔራን ጽፋልሃለች። የሆንከው ነገር እብደት አይደለም፣ ድክመትም አይደለም፣ ምችም አይደለም፤ ሐኪም የሚያውቀው ነገር ነው፣ ስም አለው፣ መውጫ አለው። አጎቴ ዮኤል መንገድ ላይ ነው የቀረው። አንተን መንገድ ላይ አላስቀርህም። ምላስህን ማንም ባያምነው እኔ አምነዋለሁ፤ አሁን አንተ እጄን እመነው። ከተቆጣህ ቁጣው ይመቸኛል፣ ለምጄዋለሁ። ዝም አትበለኝ ብቻ።

ዝም አለ።

ጎንበስ እንዳለ ነው። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። ጓሮ ያለው ዘፈን ቆሟል፣ እማዬ ውኃ እየደፋች ነው። የምጽፈው አልቆብኛል፣ ግን ካቆምኩ ቀና ብዬ ላየው ነውና መጻፌን ቀጥያለሁ፣ ቀጥያለሁ፣ ቀጥ

“ሩሐማ” አለኝ። ሩሑ አላለኝም።

“ሩሐማ፣ እናትሽን ጥሪያት።”